አራት ቀን የማይጠፋ መብራት ፍለጋ

ኮምፒውተር ታቅፋችሁ ሚኒባስ ተሳፍራችሁ ታውቃላችሁ? ላፕቶፕ አላልኩም። ላፕቶፕማ ማንም ይይዛል። እኔ የምላችሁ ዴስክቶፑን ነው፤ ሲፒዩው ጭን ላይ፣ ስክሪኑ እግር መሃል፣ ኪቦርዱ ብብት ስር፣ መብራት ሲጠፋ አስር ደቂቃ የሚያቆየው ያ ድንጋይ የሚያህል ዩፒኤስ ደግሞ ወንበር ስር። ረዳቱ አየኝና፣

«እህት፣ ይሄ የሁለት ሰው ቦታ ነው» አለ።

«ሰው አይደለም፣ ኮምፒውተር ነው።»

«እሱን እኮ ነው የምልሽ። ሰው ቢሆን ጠጋ በል እለው ነበር።»

የሁለት ሰው ከፈልኩ። እኔ ሳልከራከር የምከፍል ሰው አይደለሁም፤ የዚያን ቀን ምን ላይ እንደነበርኩ ከዚህ ገምቱ።

ከሰበታ ቡራዩ፣ ከቡራዩ ሱሉልታ። ሰው አዲስ አበባን ለመዞር መሃል ከተማ ይገባል፤ እኔ ኮምፒውተሬን ይዤ በውጭ በኩል ዞርኳት። ፍለጋዬ አንድ ነገር ነው፦ አራት ቀን የማይጠፋ መብራት። ሳቁ፣ ግድ የለም። እኔም አሁን እየሳቅኩ ነው።

ማስተርሴን የጨረስኩት በዚህ ክረምት ነው፣ በኬሚስትሪ። ነጭ ጋውንና ጭስ የሚተፋ ጠርሙስ የታያችሁ ካላችሁ እሱን እርሱት። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ጠብታ ፈሳሽ አልነካሁም። የኔ ኬሚስትሪ ያለው ኮምፒውተር ውስጥ ነው። የእርሳስ እንጨት ውስጥ ያለውን ጥቁር ነገር ታውቁታላችሁ አይደል? እሱን አንድ ንጣፍ ብቻ እስኪቀር ብትልጡት፣ ውፍረቱ አንድ አተም ብቻ የሆነ የካርቦን መረብ ታገኛላችሁ፤ ቀዳዳው ሁሉ ባለ ስድስት ጎን። መረቡ ላይ የመድኃኒት ቅንጣት ሲያርፍበት በውስጡ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ይለወጣል። ለውጡን ለካችሁ ማለት መድኃኒቱን አገኛችሁ ማለት ነው። ሴንሰር የሚባለው ይሄ ነው።

ችግሩ አቀማመጡ ላይ ነው። መድኃኒቱን እንደ እንግዳ አስቡት። ገና ሳይቀመጥ ብድግ የሚል እንግዳ መምጣቱም አይታወቅም። ከተቀመጠ የማይነሳው ደግሞ ሶፋውን ይዞ ይቀራል፤ ሌላ ሰው መቀበል አትችሉም። ጥሩ ሴንሰር ማለት እንግዳው በደንብ ተቀምጦ፣ ታይቶ፣ በሰዓቱ የሚሄድበት ቤት ነው። እኔ ደግሞ ማን ምን ያህል እንደሚለጠፍና መቼ እንደሚለቅ የማሰላ ሰው ነኝ። ለአክስቶቼ ሁሉ ይሄን አስረድቻለሁ፤ ሁሉም በአንድ ድምፅ «ታዲያ ፋርማሲ ለምን አትከፍቺም?» ብለውኛል።

ሥራ ፍለጋ ስገባ አንድ የምርምር ተቋም ጠራኝ። ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ መሃል ያሉት ባለ መነጽር ሴትዮ ወረቀቴን አገላበጡና፣

«የራስ ምታት መድኃኒቶች ላይ ነው የሠራሽው። እኛ የምንፈልገው አንቲባዮቲክ ነው። ቴትራሳይክሊንን ብታሰዪልንስ?» አሉ።

«ይቻላል።»

«በስንት ጊዜ?»

«በአራት ቀን።»

ሁለት ሳምንት ሊሉኝ ነበር እኮ! አፋቸው ሲከፈት አይቻለሁ። ግን እኔ ሰው እስኪጨርስ አልጠብቅም። ደግነቱ ሴትዮዋ ከኔ ይሻላሉ፤ «ለማንኛውም የዛሬ ሁለት ሳምንት፣ ሐሙስ ከሰዓት በስምንት ሰዓት ውጤቱን ይዘሽ ነይ፤ ያኔ እንወስናለን» አሉኝ። ሥራው እንግዲህ በዚያች ቁጥር ላይ ተንጠለጠለ። ቁጥሯ ካለች ሥራ አለኝ። ከሌለች እማዬ ጎረቤት በመጣ ቁጥር «ልጄ ማስተርስ ናት» ስትል እኔ ከጓዳ እሰማለሁ።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልናዘዝ። ፕሮግራሙ በየመሃሉ የደረሰበትን እንዲያስቀምጥ የምታዝዝ አንዲት መስመር አለች። መብራት ቢጠፋ ካቆመበት ይቀጥላል። ዲስኬ አሮጌ ስለሆነ ማስቀመጡ ግማሽ ቀን ይጨምራል። ግማሽ ቀን! መስመሯን አጠፋኋት። በዚህ ታሪክ ውስጥ እናቴን፣ አክስቴንና ሰማዩን ብዙ እወቅሳለሁ፤ እናንተ ግን ይቺን መስመር አትርሱ።

ሰበታ፣ ቤታችን። እማዬ ቤት ውስጥ ራቁቱን የሚያድር ዕቃ የለም። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል አለው፣ ፍሪጁ ዳንቴል አለው፣ ቴርሞሱ እንኳ አለው። ሁሉንም በእጇ ነው የሠራችው፤ ኪሮሿን ከያዘች ዓይኗ ዜና ላይ ሆኖ እጇ ብቻውን ይሠራል። ስሌቱን ባስጀመርኩ ቀን ከኋላዬ ቆማ ስክሪኑን አየች።

«ምንድነው?»

«ካርቦን።»

«ዳንቴል ነው እንጂ!» መነጽሯን አደረገች። «ጥሩ እጅ ነው የሠራው። ይቺን ቋጠሮ ግን ተሳስተሻል። ሁሉ ግራጫ ሆኖ አንዷ ሰማያዊ?»

«አልተሳሳትኩም እማዬ፣ ናይትሮጅን ናት። መድኃኒቱን እንድትስብ ሆን ብዬ ነው አንዱን ካርቦን አውጥቼ እሷን የተካኋት።»

«እንግዲህ ካልሽ» አለች። እማዬ «እንግዲህ ካልሽ» ካለች ስድስት ወር ታስታውሰዋለች።

ሦስተኛው ቀን ላይ ለጉዳይ ወጣ ብዬ ስመለስ ቤቱ ጸጥ ብሏል። ሲፒዩው ላይ ፎጣ ተደርቦ፣ በፎጣው ላይ የቴሌቪዥኑ ዳንቴል ተዘርግቶ፣ በዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ ተቀምጧል። የሚያምር ነገር ነው፤ መቃብር ቢሆን።

«እማዬ! ምን አደረግሽው?»

«አቧራ ሲገባበት አየሁና አለበስኩት። ሲጮህ ውሎ አሁን ገና ነው ያረፈው» አለች በኩራት።

የሚጮኸው ማራገቢያው ነበር። ሙቀት መውጫ አጥቶ፣ ግሎ፣ ራሱን አጥፍቷል። የሦስት ቀን ሥራ በፎጣ ታፍኖ ሞተ። እንደገና ጀመርኩ። በማግስቱ ከሰዓት መብራት ሄደ፤ ሦስት ሰዓት ቆይቶ መጣ። ዩፒኤሱ አስር ደቂቃውን በታማኝነት ጮኸና ዝም አለ።

አሁን ሰው ይማራል ትላላችሁ፤ መስመሯን ትመልሳታለች ትላላችሁ። እኔ ግን ሌላ መፍትሔ አየሁ፦ ቦታው ነው እንጂ እኔ ምን አጠፋሁ? አክስቴ ዘነበች ቡራዩ ናት፤ «እኛ ሰፈር መብራት አይጠፋም» ስትል ዓመታት አልፈዋል። ታቅፌው ሄድኩ።

እውነቷን ነው፣ መብራት አልጠፋም። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን። አራተኛው ቀን ላይ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሰማዩ አንዴ ዷ አለ። አክስቴ ከወንበሯ ተነስታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ግቢውን እየዞረች «ንቀሉ! ንቀሉ!» ትጮህ ጀመር። ተከራዮቹ ለምደውታል፤ ሁሉም እየወጣ «ነቅያለሁ እትዬ» ይላል፣ እንደ ጸሎት ተቀባይ። በዚያ ግቢ ነጎድጓድ ከተሰማ አንድም ሶኬት ላይ አንድም ገመድ አይገኝም። እሷ ደግሞ ለማረጋገጥ ቆጣሪውን ታወርደዋለች።

«አክስቴ፣ እባክሽ፣ ግማሽ ቀን ነው የቀረው!»

«የሰው ነፍስ ይበልጣል ወይስ ያንቺ ዳንቴል?» እማዬ ደውላ ነግራታለች ማለት ነው።

ነጎድጓዱ አስር ደቂቃ ቢሆን ኖሮ እተርፍ ነበር። አንድ ሰዓት ተኩል ቆየ።

ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። እሁድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ብጀምር፣ ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ያልቃል፤ ቀጠሮዬ ስምንት ሰዓት ነው። መስመሯን ከመለስኳት ደግሞ ሐሙስ ማታ ነው የሚያልቀው። መጀመሪያ መመለስ ስችል አልፈለግኩም፤ አሁን ስፈልግ አልችልም። የቀረኝ አንድ ሙከራ ነው። ያኔ እማዬ ደወለች።

«ሱሉልታ የአባትሽ ጓደኛ ቶሌራ አለ አይደል? ወተት ሰብሳቢው። ወተቱ እንዳይበላሽበት ጄኔሬተር አለው። ነግሬዋለሁ። ፎጣ አልላክሁልሽም» አለችኝ።

ለሚኒባሱ ረዳት የሁለት ሰው የከፈልኩት ታዲያ ያን ቅዳሜ ነው።

ኦቦ ቶሌራ ረጅም፣ ጎማ ጫማና ነጭ ጋውን የማይለያቸው ሰው ናቸው። ኬሚስት የሚመስሉት እሳቸው ናቸው። ደጃፍ ላይ ተቀብለውኝ «አካም ጅርታ፣ ኢንታላ ኮ! ልጄ፣ አስገቢው፣ አስገቢው» አሉ። ኮምፒውተሬን ከወተት ማቀዝቀዣው ታንከር ጎን ባለ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥነው። ታንከሩ እስከ አፉ ሞልቷል፤ ፍልሰታ ጾም ነው፣ ወተት የሚጠጣው ሰው ግማሹ ቀርቷል፣ ላሞቹ ግን አይጾሙም። መብራት ከጠፋ ታንከሩም ይሞታል። ለመጀመሪያ ጊዜ ኤሌክትሪክ እኩል የሚያስጨንቀው ሰው ስላገኘሁ ደስ አለኝ።

እሁድ በሁለት ሰዓት አስጀመርኩ። ወተት ሊያስረክቡ የመጡት ገበሬዎች ጄሪካናቸውን ይዘው ከበቡኝ። እኔም ሰው ሲከበኝ ዝም አልልም፤ እንግዳውን፣ ሶፋውን፣ ሁሉን ነገርኳቸው። «ይሄ መድኃኒት የሚለይ ነገር ነው» ብዬ ደመደምኩ። ኦቦ ቶሌራ አገጫቸውን ያዙ።

«መድኃኒቱ የታለ?»

«ውስጥ ነው። ማለት፣ በቁጥር ነው ያለው።»

«ካርቦኑስ?»

«እሱም ቁጥር ነው።»

«ታዲያ ይሄ ሁሉ ጩኸት የምንድነው?»

«እያሰላ ነው።»

«ስንት ቀን?»

«አራት።»

እጄን ይዘው ወደ መደርደሪያው ወሰዱኝ። ኩባያዎች ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዱ ላይ የገበሬው ስም በፕላስተር ተጽፎ ተለጥፏል። በየጠዋቱ ከየሰዉ ወተት ትንሽ ያስቀራሉ፤ ከትናንት እርጎ አንድ ማንኪያ ይጨምሩበታል። በማግስቱ ሁሉም መርጋት አለበት። ያልረጋ ካለ ላሟ አንቲባዮቲክ ተወግታለች፤ እርጎ የሚያደርገውን ነገር መድኃኒቱ ገድሎታል።

«የኔ ሴንሰር ይሄ ነው» አሉ፣ ያስተማርኳቸውን ቃል መልሰው። «ነገ ጠዋት ይናገራል።»

ሁለት ዓመት የተማርኩትን ሰው በኩባያ ሲያሳየኝ ትንሽ ተናደድኩ። አልዋሽም። «ዘገምተኛ ነው፣ አንድ ሌሊት ይፈጃል» አልኳቸው። አራት ቀን የሚፈጀው ማሽኔ ከኋላዬ እየጮኸ።

ሰኞ ጠዋት ሁሉም ኩባያ ረጋ፤ አንዱ ግን እንደ ውሃ ይንቀጠቀጣል። የአዴ ብርቄ ነው። አዴ ብርቄ የአንዲት ላም ባለቤት ናቸው፤ ቀጭን፣ ድምፃቸው ግን ቀጥሎ ካለው ከተማ፣ ከጫንጮ ድረስ የሚሰማ።

«ብርቄ፣ ላሟ ተወግታለች?» አሉ ኦቦ ቶሌራ።

«ላኪ! በጭራሽ! ኩባያህን በደንብ አላጠብከው ይሆናል።»

«ኩባያው ታጥቧል። ወተትሽን አልቀበልም።»

አዴ ብርቄ ዞር ዞር አሉና እኔ ላይ አረፉ። «ይቺ የተማረች ልጅ አለች አይደል? መድኃኒት ይለያል ብላለች። ማሽኑ ይፍረደን!»

«አዴ፣ ይሄ የእርስዎን ወተት አያውቅም፤ እሱ የሚያሰላው…»

«ትናንት ስትናገሪ እኮ ሰምቼሻለሁ! ዛሬ ምን ተገኘና ነው የምታፈገፍጊው?» ገበሬዎቹም «እውነት ነው፣ ብላለች» አሉ። ብያለሁ! አፌ!

«ሐሙስ ነው የሚጨርሰው» አሉ ኦቦ ቶሌራ፣ ሳቃቸውን ይዘው።

«እስከ ሐሙስ እጠብቃለሁ» አሉ አዴ ብርቄ፣ ጄሪካናቸውን አንስተው።

ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሬ እንደ ታመመ ዘመድ ሆነ። ጠዋት ጠዋት ወተት ያመጣ ሁሉ በበሩ ብቅ ብሎ «እንዴት አደረ?» ይላል። «ደህና ነው፣ እያሰላ ነው» እላለሁ። አንዱ ጄሪካኑን ሲያንኳኳ ሌላው «ቀስ በል፣ እያሰበ ነው» ይለዋል። አዴ ብርቄም ያለ ወተት በቀን ሁለቴ እየመጡ በሩ ላይ ቆመው ያዩታል። እኔ የችኮላ ነገር ነው ብዬ ነበር። አሁን ሳስበው ፊታቸው የሚቸኩል ሰው ፊት አልነበረም።

ረቡዕ ቀትር ላይ ዝናቡ ወረደ፣ መብራቱም አብሮት። ታንከሩ ጸጥ አለ። ዩፒኤሱ ጲጵ ይል ጀመር። አስር ደቂቃ። ኦቦ ቶሌራ ሮጠው የጄኔሬተሩን ገመድ ሳቡት፤ ሳል ብቻ። ደግመው ሳቡት፤ ሳል። «አንቱ ይረፉ፣ እኔ ልሞክር» ብዬ በሙሉ ጉልበቴ ስስበው ገመዱ አመለጠኝና ጭቃው ላይ ቁጭ አልኩ። ስድስት ደቂቃ ሄደ። ሦስት ቀን ከምናምን ሰዓት፣ ቀጠሮው፣ ሴትዮዋ፣ ሁሉም በዓይኔ ላይ ዞሩ። ጭቃው ላይ እንደተቀመጥኩ ያቺን አንድ መስመር ሰደብኳት። እሷ ምን ታድርግ፣ የለችማ!

አዴ ብርቄ ጃንጥላቸውን ይዘው ደረሱ። አዩን። ጃንጥላውን ለኔ ሰጥተው ጎንበስ አሉ።

«የነዳጁን መክፈቻ ማነው የዘጋው?»

ኦቦ ቶሌራ አፋቸውን ያዙ። እሁድ ዕለት እንዳይንጠባጠብ ብለው የዘጉት ራሳቸው ናቸው። አዴ ብርቄ መክፈቻውን አዞሩ፣ እግራቸውን አጸኑ፣ ገመዱን አንዴ ብቻ ሳቡ። ድድድድድ! ታንከሩ ነፍስ ዘራ። ገብቼ ሳይ ዩፒኤሱ ጩኸቱን አቁሟል፤ ስሌቱ ቀጥሏል። አዴ ብርቄን አቅፌ ሳምኳቸው፤ ጭቃዬን በሙሉ አካፈልኳቸው።

«ያለ ፍርድማ አይሞትም» አሉ፣ ቀሚሳቸውን እያራገፉ። አልሳቁም ግን።

ሐሙስ ጠዋት፣ ስሌቱ ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው፣ ቤቱ በገበሬ ሞላ። ጄሪካን ያልያዙት አዴ ብርቄ ብቻ ናቸው። ገብተው በስክሪኑና በኦቦ ቶሌራ መሃል ቆሙ።

«ከሱ አፍ ከሚሰማ እኔው ልናገር» አሉ። «ተወግታለች። ጡቷ አብጦ ሐኪሙ መርፌ ወጋት፤ ሳምንት እንዳትሸጪ ብሎኛል።»

ገበሬዎቹ ጄሪካናቸውን መሬት አስቀመጡ።

«ብርቄ፣ ለምን አልነገርሽኝም?» አሉ ኦቦ ቶሌራ።

«ብነግርህስ? ሳምንት የቀረን ሰው አንተ አይደለህ ከዝርዝር የምትሰርዘው? ጾሙ ሲፈታ ወተት ሁሉም ሲፈልግ የኔ ቦታ ለሌላ ተሰጥቶ ላገኘው ነው? አንዲት ላም ናት ያለችኝ።»

ኦቦ ቶሌራ ኩባያዎቹን አዩ፣ መሬቱን አዩ። እውነት ነው፣ ሕጉ የሳቸው ነው። «ዱጋ፣ እውነትሽን ነው» አሉ። «ከዛሬ ጀምሮ ላሙ የታመመበት ይንገረኝ። ቦታው አይነካም፤ ያንቺም ስም እዚያው ነው። ያልነገረኝን ግን ኩባያው ይነግረኛል።»

«ማሽኑስ?» አለ አንዱ ከኋላ።

ሁሉም ዞር ሲሉ ስክሪኑ የመጨረሻውን መስመር እያወጣ ነበር። ቁጥሯን አነበብኳት። ደግሜ አነበብኳት። ከዚያ የወተት ቤቱ ጣሪያ እስኪንቀጠቀጥ ጮህኩ።

«ምን አለ?» አሉ ኦቦ ቶሌራ።

«ይቀመጣል! በደንብ ይቀመጣል፣ ይታያል፣ ከዚያ በሰዓቱ ይሄዳል!»

«ጥሩ እንግዳ ነው» አሉ። «በይ አንቺም እንደሱ ሁኚ፤ ታክሲው ሳይሞላ ተነሽ።»

በስምንት ሰዓት ሦስቱ ፊት ተቀምጬ ነበር፤ ጫማዬ ላይ የሱሉልታ ጭቃ፣ እጄ ላይ ቁጥሬ። ባለ መነጽሯ ሴትዮ አይተው አይተው «በእውነተኛ መድኃኒት ተሞክሯል?» አሉኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ይጠመዘዛል። እኔ «አልተሞከረም፣ ቁጥር ነው» አልኩና የኩባያዎቹን ነገር፣ የአዴ ብርቄን ነገር፣ ሁሉን ነገርኳቸው። ሁለቱ ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም፤ ይጽፋሉ።

«እርጎው አንድ ሌሊት ይፈጃል። ያንቺ ቢሠራ ስንት ይፈጃል?»

«ሰከንዶች። ገበሬዋ ወረፋ ላይ እያለች ይታወቃል።»

«ቢሠራ። እስኪሠራስ?»

«ለሱ አይደል እንዴ የምትቀጥሩኝ?» አልኳቸው።

ሰኞ ጀመርኩ።

እማዬ ለመጀመሪያ ቀኔ አንድ ፌስታል አስያዘችኝ። ቢሮ ከፈትኩት። አዲስ ዳንቴል ነው፤ ቀዳዳው ሁሉ ባለ ስድስት ጎን፣ ክሩ ግራጫ። ደወልኩላት።

«ከስክሪንሽ ላይ አይቼ ነው» አለች። «ፎጣ የለውም። መተንፈሻም ትቼለታለሁ።»

ዘረጋሁት። ቋጠሮዎቹን በጣቴ እየተከተልኩ መሃሉ ላይ ደረስኩ። አንዷ ሰማያዊ ናት።

የቢሮዬ ኮምፒውተር አሁን ለብሷል። ማራገቢያውን አይነካም፤ ለክቼዋለሁ። ያቺን መስመርም መልሻታለሁ።